አንዱ በሬ የደከመበት ቀንበር

«እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ሞጣ አቅራቢያ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ግንቦት፣ ከባድ ጉንፋን ይዞኝ ከተነሣሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልወርድ ስል ቤቱ ከነጣሪያው ዞረብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ማለት አቅቶኝ ሳስመልስ ሰነበትኩ። ባሕር ዳር ሄጄ ስመረመር የግራ ጆሮዬ የሚዛን ነርቭ ተቆጥቷል ተባልኩ። የማዞር ኪኒን ታዘዘልኝ፤ እስከ ዛሬ እወስደዋለሁ። አሁን ማዞሩ ትቶኛል ማለት እችላለሁ። ያልተወኝ ድካሙ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ካስተማርኩ በኋላ እግሬ ይዝላል፣ የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። ቤት ስገባ ልብሴን ሳልቀይር ጋደም እላለሁ። እንጀራ የጋገርኩ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ደም ተመርምሬ 'ምንም የለብሽም' ተባልኩ። አማቴ 'እኔ ስምንት ወልጄ፣ በእጄ ፈጭቼ እንዲህ አልሆንኩም' ይላሉ። ባለቤቴ ክፉ አይናገረኝም፤ ዝምታው ግን ይከብደኛል። አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ደረሰ፤ አማቴም ጸበል እንድጠመቅ ይፈልጋሉ። ነገሩ ሲደጋገምብኝ እኔው ራሴ 'ሰነፍ ሆንኩ ይሆን?' ማለት ጀምሬአለሁ። ምን ይሉኛል?»

መምህርቷ፣ ከሞጣ

እኅቴ፣ ሰነፍ አልሆንሽም። ከሌላው ሁሉ ይህን ያስቀደምኩት፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የነሣኝ ማዞሩም ማስመለሱም ሳይሆን ያ የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለሆነ ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ጆሯቸው ታሞ ሚዛናቸው የተናጋ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ማዞሩ ሲጥላቸው ሁሉም ይደነግጥላቸዋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ደግፎ የሚወስድ አይጠፋም። ማዞሩ ሄዶ ድካሙ ሲቀር ግን አጠገባቸው ማንም የለም። ሰው «ድነዋል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እነርሱም አልጋ ላይ ሆነው በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ።

የድካምሽን ምክንያት ለመረዳት ጆሮ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጆሮ የተሠራው ለመስማት ብቻ አይደለም። ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ ራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀብረው፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን የግማሽ ክብ ቱቦዎች በየጆሯችን አሉ። ራሳችንን ስናዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ፈሳሹ ግን ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል። ያ መዘግየት ጸጉር መሰል ሕዋሳትን ያጎብጣል፤ ነርቩም «ዞረናል» ብሎ ለአንጎል ይነግራል። ከቱቦዎቹ ሥር ያሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ደግሞ ከካልሲየም የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች ይዘዋል። ላይና ታችን፣ ማጋደልንና መፍጠንን የሚለኩልን እነዚህ ናቸው።

የግራና የቀኝ ጆሮ ሥራቸው በጥንድ ነው። ራስሽን ወደ ቀኝ ስትመልሺ የቀኙ ጆሮ መልእክቱን ያበዛል፣ የግራው ይቀንሳል፤ አንጎል ሁለቱን አነጻጽሮ ያለሽበትን ያውቃል። ዝም ብለሽ በተቀመጥሽበትም ጊዜ ሁለቱ እኩል እየላኩ ነው፤ እኩል ስለሆኑም አንጎል «ቆመናል» ይላል። በግንቦት የግራው ነርቭ ሲቆጣ መልእክቱ ተቋረጠ። ራስሽ ትራስ ላይ ሳለ የቀኙ ብቻውን ይናገር ጀመር፤ አንጎልሽም «ወደ ቀኝ እየዞርን ነው» ብሎ አመነ። ቤቱ ከነጣሪያው የዞረው ለዚህ ነው።

ሞጣ ኖሮ እርሻ ያላየ የለምና፣ አካሄዳቸው እኩል ያልሆነ ሁለት በሬዎች የተጠመዱበትን ቀንበር አስቢው። ደካማው ወደ ኋላ ሲቀር ቀንበሩ ይጋደማል፣ ሞፈሩ ይጎተታል፣ ትልሙ ይወላገዳል። ገበሬው ግን ማረሱን አይተውም፤ ዝናቡ አይጠብቀውም። እርፉን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ በየእርምጃው እየገፋ፣ እየመለሰ፣ በሬዎቹን በስማቸው እየተጣራ ትልሙን ያቀናል። ማታ ማሳውን ያየ ሰው «ደህና ታርሷል» ብሎ ያልፋል። የገበሬው ክንድ መዛሉን፣ ድምፁ መጥፋቱን ማን ያውቃል? አንጎልሽ ያ ገበሬ ነው። ቤቱ መዞሩን ያቆመው ጆሮሽ ሙሉ በሙሉ ስለዳነ ላይሆን ይችላል፤ በአብዛኛው አንጎል ጎደሎውን ይዞ መሥራትን ስለሚማር ነው። ሐኪሞች ይህን ማካካስ ይሉታል። ትልሙ ቀንቷል፤ ዋጋው ግን በየቀኑ ይከፈላል፤ የሚከፈለውም በድካም ነው።

ጤነኛ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ሳያስብበት ነው። አንጎል ከሦስት ወገን ወሬ ይሰበስባል፦ ከውስጥ ጆሮ፣ ከዐይን፣ ከእግር መርገጫና ከመገጣጠሚያዎች። ሦስቱ ከተስማሙ ጉዳዩ ከኛ ዕውቀት ውጭ ያልቃል። ካልተስማሙ ግን አንጎል ቆሞ መዳኘት አለበት፤ ዐይንን ይበልጥ ያሠራል፣ የአንገትና የጀርባ ጡንቻን ያጠብቃል፣ ለሌላ ነገር የነበረውን ትኩረት ወደዚህ ያዞራል። ትኩረት ደግሞ ልክ አለው። የተማሪዎችሽ ስም የሚጠፋብሽ አእምሮሽ ስለደከመ እንጂ ስለተጎዳ አይመስለኝም፤ ስም ለማስታወስ የሚሆነው ኃይል ቆሞ ለመቆየት እየዋለ ነው።

ምጣዱ ዘንድ ያለሽበትን ሰዓት እንየው። አጎንብሰሽ እሳቱን ትቆሰቁሻለሽ፤ ጭሱ ዐይንሽን ያስለቅሰዋል። ቀና ብለሽ ሊጡን ትቀጃለሽ፤ ከምጣዱ ጠርዝ ጀምረሽ ወደ መሐል እያዞርሽ ስታፈሺው ዐይንሽ ክቡን እየተከተለ ይዞራል፣ ራስሽም አብሮት። አክንባሎውን ትከድኛለሽ። የበሰለውን በሰፌድ ታወጪና ወደ ጎን ዞረሽ ታኖሪዋለሽ፤ ተመልሰሽ ምጣዱን ታሰሻለሽ፣ ደግሞ ወደ እሳቱ ታጎነብሻለሽ። ሃያ እንጀራ ከጋገርሽ ይህ ሁሉ ሃያ ጊዜ ነው። ለሌላዋ ሴት የክንድና የወገብ ሥራ ነው። ለአንቺ ግን እያንዳንዷ ማጎንበስ የጆሮን ጎደሎ ወሬ በዐይን ማረጋገጥን ትጠይቃለች፤ ዐይንሽን ደግሞ ጭሱ ይዞታል። ስለዚህ የጋገርሽ ቀን ሌላ ሥራ አለመሥራትሽ ምንም አይገርመኝም።

ክፍል ውስጥም ጉዳዩ ያው ነው። ራስሽ ወደ ግራ ሲዞር ዐይንሽ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ እንዲመለስ፣ የምታዪውም ነገር እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው የውስጥ ጆሮ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ከሰከንድ መቶኛ ክፍል በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ሲዛባ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ተማሪዎች መዞር ሁሉ ዐይንን ያለፋል። በዚያ ላይ ጫጫታው አለ። በዚያ ላይ አንገት አለ፦ ብዙ ታማሚ እንዳያዞረው ፈርቶ፣ ዕንቁላል በራሱ ላይ እንዳስቀመጠ ሰው አንገቱን አድርቆ ይሄዳል፤ ማታ ማጅራቱንና ራሱን ያመዋል። አንቺም ይህን እንደምታደርጊ እጠረጥራለሁ።

ስለ ታላቅ ወንድሜ ልንገርሽ። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን መርፌ ለወራት ተወጋ። ሳንባው ዳነ፤ የሁለቱም ጆሮዎቹ ሚዛን ግን ተጎዳ። ይህ መድኃኒትና ዘመዱ ጄንታማይሲን የሚዛን ሕዋሳትን ሊጎዱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። መድኃኒቱን አልወቅስም፤ ሕይወቱን አትርፎለታል። ጉዳቱ በሁለቱም በኩል እኩል ስለነበረ እርሱን ቤቱ አልዞረበትም። ሲራመድ ግን ሰዉም ዛፉም በዐይኑ ላይ ይዘላል፤ ሲጨልም ደግሞ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይጠፋበታል። ማሕሌት የሚቆመው ደግሞ ሌሊት ነው፣ በጧፍ ብርሃን።

መጀመሪያ ሰሞን ከማሕሌት ሲመለስ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውል ነበር፤ የአገሩም ሰው «መሪጌታ ምን ነካቸው?» ይል ጀመር። ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። መቋሚያውን በሙሉ ክብደቱ ሲደገፈው ክንዱ ይደክማል እንጂ ብዙም አይጠቅመውም። ጫፉን መሬት አስነክቶ ቀለል አድርጎ ሲይዘው ግን ሰውነቱ ይረጋለታል። ነገሩ እውነት ነው፤ በጣት ጫፍ የሚገኝ ቀላል ንክኪ እንኳ ለአንጎል ስለ ሰውነት አቋም ተጨማሪ ወሬ ስለሚሰጥ መወዛወዝን ይቀንሳል። ማየት ላልቻለው ዐይን እጁ ተተካለት ማለት ነው። አንቺም ከሰሌዳው ስትዞሪ ጣትሽን ጠረጴዛው ላይ ወይም ግድግዳው ላይ አሳርፊ። ማንም አያይብሽም፤ በቀን መቶ ጊዜ የምታወጪውን ትንሽ ትንሽ ጉልበት ያተርፍልሻል።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልምጣ፤ በጣም ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ስሙን አልጻፍሽልኝም። ሲናሪዚን፣ ሜክሊዚን ወይም ፕሮሜታዚን ከሆነ እነዚህ ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙ፣ ሰውነትን የሚያፈዙ መድኃኒቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ ቤቱ ሲዞርና ሲያስመልስ፣ ውለታቸው ትልቅ ነው። ለወራት ሲወሰዱ ግን ሁለት ጉዳት ያመጣሉ፦ ድካሙን ራሳቸው ይጨምራሉ፤ አንጎልም ማካካስን እንዳይማር ያዘገዩታል። አንጎል የሚማረው ስሕተቱን ሲያይ ነው፤ መድኃኒቱ ስሕተቱን ይሸፍንበታል። ዘጠኝ ወር ረዝሟል። በራስሽ ፈቃድ ግን ዛሬውኑ አትጣዪው፤ ያዘዘልሽን ሐኪም «እስከ መቼ ልውሰደው? እንዴት ልቀንሰው?» ብለሽ ጠይቂ። መንገድ አልመች ብሎ ባሕር ዳር መሄድ ካልቻልሽ በአቅራቢያሽ ያለ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ካርቶኑን አይቶ ይንገርሽ።

«ደም ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተባልኩ» ላልሽው፣ የሚዛን ጉድለት በደም ምርመራ አይታይም። ስለዚህ ያ መልስ ድካምሽን ሐሰት አያደርገውም። ሆኖም ምን ምን እንደተመረመረልሽ ጠይቂ። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት የደም ማነስ፣ በደጋው አገር ደግሞ የእንቅርት ዕጢ መዛባት ድካምን የሚያባብሱ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው፤ ስኳርና የደም ግፊትም መታየት አለባቸው። የጆሮ ሕመም ያለባት ሴት ደም ሊያንሳት አይችልም የሚል ሕግ የለም።

ሌላም ልትጠይቂው የሚገባ አለ። ማዞሩ ቆሞ፣ መንሳፈፍና መዋዠቅ መሰል ስሜት በአብዛኛው ቀን ከ3 ወር በላይ ከቀጠለ፣ ስትቆሚ፣ ስትንቀሳቀሺ፣ ገበያ መሐል ስትገቢ የሚብስ ከሆነ፣ ይህ ራሱን የቻለ የታወቀ ሕመም ነው። በሚዛን ሕመሞች ላይ የሚሠራው የባራኒ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 መለያውን ጽፎ አውጥቷል። ሕክምናም አለው። ድካምና የማተኮር ችግር ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ አብረው ይታያሉ።

ትልቁ መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው፤ ይህን ስጽፍ «ደክሞኛል እያልኳት ተንቀሳቀሺ ትለኛለች» እንደምትዪ አውቃለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ በእንግሊዝ አገር ካውቶርንና ኩክሲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በጦርነት ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን ሲያክሙ፣ ራሳቸውን እያንቀሳቀሱ የሚውሉት ተኝተው ከሚውሉት ቶሎ እንደሚሻላቸው አስተዋሉ። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚሰጡት የሚዛን ልምምድ መነሻው እዚያ ነው። ቤትሽ ውስጥ ልትጀምሪው የምትችይውን አንዱን ልንገርሽ። ወረቀት ላይ አውራ ጣት የሚያህል «ሀ» ጻፊና በዐይንሽ ትክክል ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ሁለት ክንድ ያህል ርቀሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ዐይንሽን ከፊደሉ ሳትነቅዪ ራስሽን «አይደለም» እንደሚል ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አመላልሺ። ፊደሉ መደብዘዝ ወይም መዝለል ከጀመረ ፍጥነትሽን ቀንሺ። በ30 ሰከንድ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ 1 ደቂቃ አድርሺው። ጥቂት አርፈሽ ደግሞ «እሺ» እንደሚል ሰው ወደ ላይና ወደ ታች። በቀን 3 ጊዜ። ሲቀልልሽ ቆመሽ፣ ከዚያም እግርሽን አጥብበሽ አድርጊው፤ በዚህ ጊዜ አጠገብሽ የምትይዢው ግድግዳ ይኑር።

መጠነኛ ማዞር ይመጣል። እንዲመጣም ይፈለጋል፤ ገበሬው የሚማረው በዚያ ነው። በሩብ ሰዓት ገደማ ከበረደ ልኩ ነው። ከሰዓታት በኋላም ካልለቀቀሽ አብዝተሻልና በማግስቱ ግማሹን ብቻ። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመሄድ ዕድል ካገኘሽ ፊዚዮቴራፒስት እንዲያይሽ ጠይቂ፤ ለአንቺ የሚስማማውን መርጦ ይሰጥሻል።

የቀረው ጉልበትን መቆጠብ ነው፤ ብዙዎቹ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ጎተራ የምታስተዳድር ሴት ሐምሌ ላይ ሆና እህሉ እስከ አዲሱ እሸት ስንት ቁና እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። እንግዳ በመጣ ቀን ደስ ብሏት አትበትነውም። አንቺ ግን፣ እንደምጠረጥረው፣ በተሻለሽ ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ታነሺና በማግስቱ ትወድቂያለሽ። ከዚያ ፍርሃት ይመጣና ሦስት ቀን ትተኛለሽ፤ ሦስት ቀን በመተኛትሽ ደግሞ አንጎልሽ የተማረውን ይረሳል። ይህን አዙሪት መስበር አለብሽ። በጥሩ ቀንም በመጥፎ ቀንም ተቀራራቢ መጠን ሥሪ። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዘሽ የሠራሽውንና የደከመሽን ሰዓት ጻፊ፤ ጎተራሽ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚፈስ ታገኚዋለሽ።

ዕረፍቱ ከድካሙ በፊት ይምጣ። እግርሽ ከዛለ በኋላ ከሆነ አንድ ሰዓት ብታርፊም አይበቃሽም፤ ቀድመሽ ከሆነ ዐሥር ደቂቃ ይበቃሻል። በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ጫጫታ ከመግባትሽ በፊት ጸጥ ያለ ጥግ ፈልገሽ፣ ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ ተቀመጪ። ስልክ አትመልከቺ፤ የሚንሸራተት ጽሑፍና ምስል ለዐይንሽ ሥራ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ሰሌዳው ላይ መጻፉን ጥሩ እጅ ጽሑፍ ያላቸው ተማሪዎች በተራ ያግዙሽ። ፈተና የምታርሚበት ቀንና የምትጋግሪበት ቀን አይገጣጠሙ። ከሃያ እንጀራ ዐሥሩን ዛሬ፣ ዐሥሩን ከሁለት ቀን በኋላ አድርጊ። ምድጃው ከፍ ቢል፣ ጭሱ የሚወጣበት ቢበጅለት፣ ማጎንበሱና የዐይን መጨናበሱ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ ይህን የምልሽ ለባለቤትሽም ነው፣ የጭቃ ምድጃ ከፍ ማድረግ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። አውቶቡስ ስትሳፈሪ ከፊት ተቀምጠሽ ሩቅ ተመልከቺ፤ በማግስቱ የማስተማር ግዴታ እንዳይኖርብሽ አድርጊ። ጉንፋን ሲይዝሽ ወይም እንቅልፍ ሲጎድልሽ የዱሮው መዋዠቅ ለጥቂት ቀናት ቢመለስ አትደንግጪ፤ ገበሬው ሲታመም ትልሙ መወላገዱ አይቀርም።

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም። «ጨው ተዪ» ያለሽ ካለ ያ ምክር በአብዛኛው ለሌላ የጆሮ ሕመም ነው፤ መስማት እየቀነሰ፣ ጆሮ እየጮኸና እየደፈነ በየጊዜው ለሚነሣው የሜኒዬር ሕመም። ጠላውንና አረቄውን ግን ለአሁኑ ተዪው፤ መጠጥ የሚዛንን ሥራ በቀጥታ ያውካል።

ጾሙን በተመለከተ፣ 55 ቀን ረጅም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ ቆመሽ ስታስተምሪ የሰውነትሽ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ስትነሺ ይጋርድሻል፣ አንጎልሽም ስንቅ ያጣል። የጾሙን ጉዳይ እኔ አልፈርድብሽም። የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጾም የሚያውቁት የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ ሕመሜ ይህ ነው ብለሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትራራለች።

ጸበሉንም አልከለክልሽም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ዕወቂ። ቪየና የነበረው የጆሮ ሐኪም ሮበርት ባራኒ የታማሚዎቹን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ እንደሚያዞራቸውና ዐይናቸው እንደሚርገበገብ አስተዋለ። ቀዝቃዛ ውኃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚህ ተነሥቶ ለሠራው ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ሐኪሞች ዛሬም የየጆሮውን ሚዛን በዚሁ መንገድ ይመረምራሉ። ጸበል ቦታ ደግሞ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ሆድሽ ባዶ ነው፣ ፊትሽ ላይ ሲፈስም ዐይንሽን ትጨፍኛለሽ። ዐይን ከተጨፈነ፣ እግር ከተንሸራተተ፣ ጆሮ ከቀዘቀዘ ሦስቱም ምስክሮችሽ በአንድ ጊዜ ጠፉ ማለት ነው። ስለዚህ ተቀምጠሽ ተጠመቂ፣ ሰው እጅሽን ይያዝሽ፣ ውኃው ወደ ጆሮሽ ቀዳዳ በቀጥታ እንዳይወርድ አጥማቂውን ለምኚ።

ጊዜ ሳትሰጪ ወደ ሐኪም የምትሮጪበትም አለ። ጆሮሽ በድንገት መስማት ቢያቆም፣ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታይሽ፣ አንደበትሽ ቢተሳሰር፣ ፊትሽ ቢጣመም፣ አንዱ እጅሽ ወይም እግርሽ ቢዝል፣ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው የራስ ምታት ቢነሣ፣ ራስሽን ብትስቺ፣ ያን ቀን ማደር የለም። ተስፋሽ ተሟጦ መኖር ቢያስጠላሽም እንዲሁ ነው፤ ረጅም ድካም ልብንም ያጠቁራል፣ ለእርሱም ሕክምና አለው።

ቀጥሎ ያለውን ለአማትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስምንት ወልደው፣ በእጅዎ ፈጭተው ቤት ማቆምዎን አከብራለሁ፤ እናቴም እንደ እርስዎ ነበረች። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ሲሠሩ መሬቱ ከእግርዎ ሥር ረግቶ ነበር። ምራትዎ የምትሠራው በጀልባ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው። ጣና ላይ በታንኳ ተሻግረው የሚያውቁ ከሆነ፣ ወርደው መሬት ሲረግጡ ጉልበትዎ እንዴት እንደሚል ያስታውሱ። እርሷ ዘጠኝ ወር አልወረደችም። ደግሞም ያለ ሥራ አልዋለችም፤ የሰው ልጆች እያስተማረች፣ ቤትዎንም እየጋገረች ነው። «አይዞሽ» ቢሏትና በጋገረች ማግስት ቡናውን ሌላ ሰው ቢያፈላ ለእርሷ ትልቅ ነገር ነው።

ባለቤትሽ ዝም ያለው ስላልገባው ይመስለኛል። ሰው የማያየውን ሕመም እንዴት እንደሚጠይቅ አያውቅም። «ምን ልርዳሽ?» እስኪል አትጠብቂው፤ ይህን ደብዳቤ ሰጥተሽው ስለ ምድጃው ጀምሪለት። ሐኪም ዘንድ የምትሄጂ ቀን ሦስት ነገር ያዢ፦ የሁለት ሳምንቱን ማስታወሻ፣ የኪኒኑን ካርቶን፣ እርሱንም። በር ላይ አይቅር፤ አብሮሽ ገብቶ ሐኪሙ የሚለውን በጆሮው ይስማ።